የሰው ፊትና የፎቶግራፍ ብርሃን



ባለፈው ዓመት ከጎረቤቶቻችን የአንዱን ለቅሶ የደረሰ ሁሉ ያስታውሳል። ድንኳኑ ተተክሎ፣ ወንበሩ ተደርድሮ፣ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ የሟች ፎቶግራፍ ተፈለገ። ቤቱ ቢበረበር የተገኘችው አንዲት የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ብቻ ናት። እሷኑ አሳድገው፣ በፍሬም አድርገው አመጡ። ፊቱ ግን ጥቁር ጥላ ሆኖ ዓይኑ እንኳ አልለይ አለ፤ ከኋላው ያለው ነጭ መጋረጃ ብቻ ቦግ ብሎ ይታያል። ትልቋ ልጁ ፎቶውን ታቅፋ ልታለቅስ ተነሣችና ትክ ብላ አየችው። ‹‹ይኼ አባቴ አይደለም›› ብላ መልሳ አስቀመጠችው።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱም እኔ ራሴ የምናዘዘው ነገር አለኝ። በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ስሠራ በእጄ ያለፈው ጉርድ ፎቶ ተቆጥሮ አያልቅም። ብርሃን የበዛበት ፎቶ ሲመጣልኝ ‹‹ይኼ ተቃጥሏል፣ ሌላ ተነሥተህ አምጣ›› እያልሁ ባለጉዳዩን እመልስ ነበር። ፊቱ የጠቆረውን ግን ‹‹እንግዲህ የሰውዬው መልክ ነው›› ብዬ ተቀብዬ በፋይሉ ላይ ለጥፌያለሁ። ዛሬ ሳስበው የተሳሳትሁት በሁለቱም ነው። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ያለፈ ባይሆንም፣ ከጡረታ ወዲህ እያነበብሁና ዐዋቂ እየጠየቅሁ የደረስሁበትን ከዚህ ቀጥሎ ለማስረዳት እወዳለሁ። የውጭ አገር ነገር ሲሆን ዓመቱን እ.ኤ.አ. እያልሁ ጽፌዋለሁ።

ፎቶግራፍ ለዓለም በይፋ የተገለጸው በ1839 እ.ኤ.አ. ዳጌር በተባለው ፈረንሳዊ ሥራ ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው ሌንስ ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳ ጠባብ ነበር። ስለዚህ ተነሺው ሰው በጠራራ ፀሐይ፣ ደቂቃዎች ሙሉ ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። አንገቱ እንዳይወዛወዝ ከኋላው በብረት ይደግፉት ነበር። ታዲያ የዚያን ዘመን ሰው በፎቶግራፍ ላይ ፊቱ እንደ ድንጋይ ደርቆ ብናየው ይፈረድበታል?

በሚቀጥለው ዓመት፣ ማለትም በ1840 እ.ኤ.አ.፣ ፔትስቫል የተባለ የሒሳብ መምህር በቪየና ከተማ ለሰው ፊት ተብሎ የታሰበ ሌንስ ቀመረ፤ ፎይግትሌንደር የተባለው ድርጅትም ሠራው። ይኸ ሌንስ ቀድሞ ከነበረው ሃያ እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። መካከሉን ጥርት፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ለዘብ አድርጎ ያሳያል። ተነሺው ሰው ሳይነቃነቅ የሚቆይበት ጊዜ በጣም ያጠረው ከዚህ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ሌላ ችግር ነበረ። ኋላ ላይ ምስሉ ይቀረጽ የነበረው መድኃኒት በተቀባ የመስተዋት ሰሌዳ ላይ ነው። ያ ሰሌዳ ሰማያዊውን ብርሃን በደንብ ያያል፤ ቀዩንና ቡናማውን ግን አያይም ለማለት ያስደፍራል። ከጠይም ፊት የሚመለሰው ብርሃን ደግሞ ወደ ቀዩ ያደላ ነው። ስለዚህ ጠይሙ ሰው ከመልኩ በላይ ጠቁሮ ይወጣል፤ የለበሰው ነጭ ግን ይበልጥ ይነጣል። እንግዲህ ጥፋቱ የሰውዬው መልክ አልነበረም፤ ሰሌዳው ነው ዕውር የነበረው።

ከዚህ ላይ ታሪኩ ወደ እኛ ይመጣል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሲሠዉ ልጃቸው ደጃዝማች ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ብዙ ሳይቆዩ በመንገድ ላይ ዐረፉ። ሕፃኑን እንግሊዞች ካፒቴን ስፒዲ በተባለ መኮንን ጠባቂነት ወደ አገራቸው ወሰዱት። በ1868 እ.ኤ.አ. ክረምት ላይ ዋይት በምትባለው ደሴት ወይዘሮ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የሚባሉ እንግሊዛዊት ፎቶግራፍ አነሡት።

እኚህ ሴት ካሜራ የጨበጡት በ48 ዓመታቸው፣ ልጃቸውና አማቻቸው በስጦታ ሰጥተዋቸው ነው። የመጀመሪያ ፎቶ ቤታቸውም መስተዋት የገባለት የዶሮ ቤት ነበር። የዘመኑ ባለሙያዎች ‹‹የወይዘሮዋ ሥራ የደበዘዘ ነው፣ ጥርት አይልም›› እያሉ ይነቅፏቸው ነበር። እሳቸው ግን የልብሱን ክር ከመቁጠር ይልቅ ፊቱን መረጡ። ዛሬ የእነዚያ ነቃፊዎች ስም ተረስቶ የእሳቸው ሥራ በታላላቅ ቤተ መዘክሮች ይገኛል።

ዓለማየሁ በ1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ ታሞ ሞተና በዊንዘር ተቀበረ። አፅሙ ለአገሩ አፈር እንዲበቃ ኢትዮጵያ በ2007 እ.ኤ.አ. ጠይቃ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ‹‹የሌሎችን አፅም ሳይረብሹ ማውጣት አይቻልም›› የሚል መልስ ሰጥቷል። የአባቱ የአፄ ቴዎድሮስ፣ በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ አይታወቅም። የልጁ ግን ያ ሐዘን የተጫነው የሕፃን ፊት አለ። ለእኛ ለእድርተኞች ይኸ ትልቅ ነገር ነው። ያለ ዘመድ በሰው አገር ለተቀበረ ልጅ፣ እዚህ ላለው ለቀስተኛ በእጁ የቀረለት ያ ፊት ነው።

ወደ አገራችን ፎቶ ቤት ስንመለስ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለ የአርመን ተወላጅ ነው። ከእሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ሙያውን ይዘው ቤተ መንግሥቱን አገልግለዋል። ሥራው ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ፒያሳ፣ ከፒያሳም ወደየሰፈሩ ተስፋፋ። በውጭ አገርም ከ1906 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቀዩንም ብርሃን የሚያይ ሰሌዳ ለገበያ ስለቀረበ፣ ኋላም ፊልሙ እንደዚያው ስለሆነ፣ የጠይም ሰው ፊት ነፃ ወጣ ቢባል ያስኬዳል።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልግባ። በ1966 ዓ.ም. እናቴ በነጭ ቀሚስና በነጠላ ሆና በአንድ ፎቶ ቤት ግቢ ነጭ ግድግዳ ፊት ቆማ ተነሣች። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ፊቷ ብሩህ ሆኖ ፈገግታዋ ሳይቀር ይታያል፤ ነጠላው ግን ከግድግዳው ጋራ ተቀላቅሎ ጥለቱ ጠፍቷል። አባቴ ተቆጣ። ‹‹ጥለቱ የት ሄደ? ይኼማ ተቃጥሏል፤ ገንዘቤን መልስ!›› አለው ፎቶ አንሺውን። እኔም አብሬው ነበርሁ። ፎቶ አንሺው ሳይቆጣ፣ ‹‹ጋሼ፣ ጥለቱን ቤትዎ ሳጥን ውስጥ ያገኙታል። የባለቤትዎን ፊት ግን ከዚህ ሌላ የት ያገኙታል?›› ብሎ መለሰለት። አባቴ እያጉረመረመ ከፍሎ ወጣ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልኖረችም። ነጠላዋም ለዘመድ ተሰጥቶ አልቋል። በለቅሶዋ ላይ አባቴ ታቅፎ ያለቀሰው ግን ያንኑ ‹‹የተቃጠለ›› ፎቶ ነው። በቀድሞ ጊዜ ሰው ሲሞት ልብሱን፣ ጋሻውንና ጦሩን እያሳዩ ያለቅሱ ነበር። በእኛ ዘመን ግን የሚያዘው ፎቶግራፍ ነውና አባቴ ያኔ ገባው።

ፎቶ አንሺው ዐርፏል። በወጣትነታቸው ጨለማ ክፍሉን ይጠብቁለት የነበሩት ረዳቱ ግን ዛሬ የእድራችን አባል ናቸው። ሄጄ ብጠይቃቸው እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ፦

‹‹የብርሃን መለኪያ ማለት ያየውን ሁሉ ግራጫ ማድረግ ብቻ የሚያውቅ ዕቃ ነው። ነጭ የለበሰ ሰው ነጭ ግድግዳ ፊት ሲቆም ይታለላል። ነጩን ግራጫ ለማድረግ ሲል ብርሃን ቀንስ ይልሃል። እሺ ብለህ ከቀነስህ ነጠላው ይተርፋል፣ ፊቱ ይጠቁራል። ጌታዬ ግን መለኪያው 5.6 ሲል ሌንሱን በእጁ አዙሮ 2.8 ላይ ያደርገው ነበር። በሌንሱ ላይ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ በየደረጃው ብርሃኑ እጥፍ ይሆናል። ከ5.6 እስከ 2.8 ሁለት ደረጃ ስለሆነ አራት እጥፍ ማለት ነው። ኔጋቲቭ ብርሃን ቢበዛበት ይታገሣል፤ ቢያንሰው ግን አይምርም። ያልገባን ብርሃን በጨለማ ክፍል ከየት ታመጣዋለህ?››

ቀጥለውም ስለ አሮጌዎቹ ሌንሶች ነገሩኝ። የድሮ ሌንስ መስተዋቱ ላይ ነጸብራቅ የሚያስቀር ቅብ አልነበረውም። ይኸን ቅብ የፈለሰፈው በ1935 እ.ኤ.አ. ዛይስ የተባለው የጀርመን ድርጅት ነው። ቅብ የሌለው ወይም ቅቡ ስስ የሆነ ሌንስ ወደ ብርሃን ሲዞር፣ ብርሃኑ በመስተዋቶቹ መካከል ወዲያ ወዲህ ይላተምና በምስሉ ላይ እንደ ስስ ሻሽ ያለ ነጭ ነገር ያለብሰዋል። ጥላው ይሳሳል፣ ፊቱ ይለሰልሳል። ከሶቪየት ኅብረት ዘኒት ከሚባለው ካሜራ ጋራ ይመጣ የነበረው ሄልዮስ የተባለው ሌንስም፣ ቅብ ቢኖረውም፣ ወደ ፀሐይ ሲዞር እንደዚሁ ያደርጋል። ይኸ ሌንስ ከጀርመኑ ቢዮታር የተቀዳ ሲሆን፣ የሚሠራው ሁሉ በእጅ ነው፤ ማጥሪያውም፣ ብርሃኑም። አሁን የዘመኑ ወጣቶች እነዚህን አሮጌ ሌንሶች እየፈለጉ በአዲስ ዲጂታል ካሜራ ላይ በማገናኛ ያስሯቸዋል። ያን ብሩህና ለስላሳ መልክ ይወዱታል። እኛ ‹‹ተቃጠለ›› ያልነውን እነሱ በገንዘብ ይገዙታል ማለት ነው።

አንድ ነገር ሳልጨምር ብቀር ታሪኩ ይጎድላል። የቀለም ፎቶግራፍ ሲመጣ በየማተሚያው የቀለም ልክ የሚያስተካክሉበት ካርድ ይላክ ነበር። በካርዱ ላይ የነበረችው ለብዙ ዘመን ነጭ ሴት ብቻ ናት። ቀለሙ ለእሷ ፊት ከተስማማ ትክክል ነው ይባል ነበር። የጥቁርና የእስያ ሴቶች ምስል ያለበት ካርድ የወጣው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ‹‹ፎቶ አይወጣልኝም፣ ፎቶ አይወደኝም›› እያላችሁ ስትሸሹ የኖራችሁ ጠይሞችና ጥቁሮች፣ ጥፋቱ የእናንተ እንዳልነበረ ዕወቁ።

በመጨረሻም ለእድራችን አባላት የማሳስበው ይኸንን ነው። ሞት ቀጠሮ የለውም። በደኅና ጊዜ ሁላችንም አንድ አንድ ፊት የሚታይበት ፎቶግራፍ እንነሣ። ቀጥተኛ ፀሐይ አያስፈልግም፤ በመስኮት አጠገብ ወይም በደጃፍ ጥላ ስር፣ ፊት ወደ ብርሃኑ ዞሮ ይበቃል። በስልክ የምታነሡ ልጆች ጣታችሁን በተነሺው ፊት ላይ አሳርፋችሁ ብርሃኑን ጥቂት ጨምሩ፤ ነጠላው ቢነጣም አትደንግጡ። ነገር ግን ዲጂታል እንደ ድሮው ኔጋቲቭ ታጋሽ ስላልሆነ ፊቱ ራሱ እስኪነጣ ድረስ አታብዙት። ከዚያም በወረቀት አሳትማችሁ ከጀርባው ስም፣ ዓመትና ቦታ በእርሳስ ጻፉበት። በቤታችሁ ያለውን አሮጌ ፎቶም ‹‹ተቃጥሏል›› ብላችሁ አትጣሉ፤ ፊቱን እዩ።

ኮሚቴው ቢፈቅድ የእያንዳንዱን አባል ፎቶ አንዳንድ ቅጂ በእድራችን መዝገብ ውስጥ በተራ ቁጥር አድርጌ ለመያዝ ፈቃደኛ ነኝ። ይኸንን ሥራ እችለዋለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ነው። በዚህኛው መዝገብ ግን ብሩሁን አልመልስም።

እግዚአብሔር የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ ያለነውን በጤና ያቆየን።