ከቺግዌል መንደር እስከ ካምፓላ ችሎት

ቻርልስ ዲክንስ በ1841 እ.ኤ.አ. የደረሰው «ባርናቢ ረጅ» የተባለ ልብ ወለድ ታሪክ የሚጀምረው ቺግዌል በምትባል የእንግሊዝ መንደር ነው። ባርናቢ ከልደቱ ጀምሮ አእምሮው ያልበሰለ፣ ቁራውን አስከትሎ የሚዞር ወጣት ነው። በ1780 የለንደን ሁከት ጊዜ ባንዲራ አስይዘው ያሰልፉታል፤ ነገሩ ሳይገባው ሞት ይፈረድበታል። ያዳነውም ሕግ ሳይሆን ወዳጆቹ ደጅ ጠንተው ያገኙለት ምሕረት ነው። ደጅ የሚጠናለት የሌለውስ ምን ይሆን ነበር? ተማሪዎቻችንን ብንጠይቅ አይከፋም።

የእንግሊዝ ፓርላማ በ1886 ባወጣው ሕግ እንዲህ ያሉትን ሰዎች «ኢዲየት»ና «ኢምበሲል» ብሎ መደባቸው፤ በእኛ አነጋገር «ጅል»ና «ቂል» እንደ ማለት ነው። ቃላቱ ከቅኝ አገዛዙ ጋር ተሻግረው በዩጋንዳ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥ ገቡ። የሚገርመው፣ አንቀጹ የወጣው እነዚሁን ሴቶች ከደፋሪ ለመጠበቅ ነበር፤ እየጠበቀ ይሰድባቸዋል። አገሪቱ በ1962 ነጻ ከወጣች በኋላም ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ የነካቸው አልነበረም።

በ2015 ግን ካምፓላ ያስቻለው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ቃላቱ ሰብአዊ ክብርን የሚያዋርዱ ናቸው ሲል ወሰነ። አእምሮው ታሟል የተባለ ተከሳሽ የሚኒስትር ትእዛዝ እየጠበቀ እንዲታሰር የሚያደርገውም ድንጋጌ ከ1995ቱ ሕገ መንግሥት ጋር አይጣጣምም አለ።