የሚወላገድ ፑሌጃ ባረጀ የጀልባ ሞተር ላይ፤ የአንድ የብረት ቀለበት ታሪክ

ባረጀ የጀልባ ሞተር ፊት ያለው ፑሌጃ፥ ማለት ቺንጊያው የሚጠመጠምበት የብረት መንኰራኵር፥ ሲዞር ወዲህና ወዲያ እየተወላገደ ቢታይ ባለጀልባው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ቺንጊያውን ወይም ቡሎኑን ነው። ጥርጣሬው ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ያ መንኰራኵር በብዙ ሞተሮች ላይ ቺንጊያ ለማዞር ብቻ የተቀመጠ አይደለም፤ ከበስተኋላው ሌላ ሥራ የተሰጠው ከባድ ቀለበት አለ። የዚህን ቀለበት አመጣጥ ያላወቀ ሰው የመወላገዱን ምክንያት ለይቶ ለማግኘት እንደሚቸገር ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ አሳብ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአውቶሞቢል ሳይሆን ከመርከብ ነው። በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ በእንፋሎት በሚሄዱ መርከቦች ላይ ከሞተሩ እስከ ፕሮፔለሩ የሚደርሰው ረጅም የብረት ዘንግ ምክንያቱ በግልጽ ሳይታወቅ ይሰበር ነበር። መሐንዲሶቹ የዘንጉን ውፍረት የሚወስኑት ሞተሩ በአማካይ የሚሰጠውን ኀይል በማስላት ነበርና፥ ስሌቱ ሲታይ ዘንጉ ሊሰበር አይገባውም። ስለዚህ ለብዙዎቹ የቀረላቸው መልስ ብረቱ መጥፎ ነው ማለት ወይም ዘንጉን ማወፈር ነበር።

በሐምቡርግ ከተማ በብሎም ኡንድ ፎስ የመርከብ መሥሪያ የነበረው ሄርማን ፍራም በ1902 ያወጣው ጥናት ነገሩን በሌላ ዓይን እንዲታይ አደረገ። ፍራም በመርከብ ላይ በሚሠሩ ዘንጎች ላይ መለኪያ አድርጎ ያሳየው፥ ዘንጉ እንደ ድንጋይ የጸና ነገር አለመሆኑን ነው። እርጥብ ነጠላ ሲጨመቅ እንደሚጠመዘዝ ሁሉ ወፍራሙም ብረት በጥቂቱ ይጠመዘዛል፤ ሲለቁትም ተመልሶ ይፈታል። የፒስተኖቹ ግፊት አንድ ወጥ ሳይሆን በየተራ የሚመጣ ምት ነውና፥ ምቶቹ ከዘንጉ የራሱ መጠምዘዝና መፈታት ጋራ በጊዜ ሲገጣጠሙ ንዝረቱ እያደገ ይሄዳል። ዥዋዥዌ የሚጫወተውን ልጅ በየመመለሻው ቢገፉት ከፍ እያለ እንደሚሄድ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ዘንጉ የሚሸከመው ጭነት በአማካይ ከታሰበው እጅግ ይበልጣል። እንግዲህ የሚያሰጋው የሞተሩ ፍጥነት መብዛት ብቻ ሳይሆን አንድ የተለየ ፍጥነት ላይ መቈየቱ ነው። በእኔ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከቀሩት ግኝቶች ሁሉ የሚበልጠው ይኸኛው ነው፤ በኋላ የመጡት ብልሃቶች በሙሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸውና።

ያው ችግር ጥቂት ዓመታት ቈይቶ በቤንዚን ሞተር ውስጥ ታየ። ስድስት ሲሊንደር ያለው ሞተር ክራንክ የሚባለው ዘንጉ ረጅም በመሆኑ በቀላሉ ይጠመዘዛል። በአንድ ዙር ሦስት ምት ስለሚቀበል፥ በደቂቃ 2000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 100 ምት ያርፍበታል። ሄንሪ ሮይስ በ1906 ገደማ በሠራው ባለ 30 ፈረስ ጉልበት ስድስት ሲሊንደር አውቶሞቢል ላይ የክራንክ መሰበር ብዙ አስቸግሮታል። የእንግሊዙ መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር ደግሞ ለዳይምለር ኩባንያ አማካሪ ሆኖ ሲሠራ ለዚሁ ችግር መፍትሔ አግኝቶ በ1910 የፈጠራ መብት ጠየቀ። ብልሃቱ በክራንኩ የፊት ጫፍ ላይ አንድ ትንሽ ከባድ መንኰራኵር ማስቀመጥ፥ ግን አጥብቆ አለማሰር ነው። መንኰራኵሩ በራሱ ክብደት ምክንያት በእኩል ፍጥነት መዞር ይወዳል፤ ክራንኩ ሲርገበገብ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ዘይት ይፋተግና የንዝረቱን ጉልበት ወደ ሙቀት ለውጦ ያጠፋዋል። ሮይስም በሰበቃ የሚሠራ ተመሳሳይ መንኰራኵር ስለ ነበረው ማን ቀደመ የሚል ክርክር ተነሥቷል። ሁለቱም ከተሰበረ ብረት ፊት ቆመው ያሰቡ ሰዎች ስለ ሆኑ ክርክሩ ያን ያህል የሚያስጨንቅ አይመስለኝም።

በመንገዳችን ላይ ስለ ስሙ አንድ ነገር እንበል። ዛሬ በየጋራዡ ይህን ዕቃ ሃርሞኒክ ባላንሰር ይሉታል። ባላንሰር ማለት ሚዛን ጠባቂ ነው፤ የቀለበቱ ዋና ሥራ ግን ንዝረትን ማብረድ ነው። ላንቸስተር በእርግጥ ሚዛን የሚጠብቅ ሌላ መሣሪያም ስለ ፈጠረ ስሞቹ ተደባልቀዋል። ይህ መደባለቅ ምርመራውንም ያሳስታል፤ ሚዛኑ ተዛባ ብሎ የሚያስብ ሰው የሚፈልገው ነገር ሌላ ነውና።

ከዚያ በኋላ በዘይቱና በሰበቃው ፈንታ ላስቲክ ገባ። በክራንኩ ላይ የሚጠብቀው እምብርትና የውጭው ከባድ ቀለበት በመካከላቸው በተጨመቀ ወይም በተጣበቀ ላስቲክ ተያያዙ። ርካሽና ቀላል ነው፤ ነገር ግን ብረት ያላመጣውን አንድ ድካም ይዞ መጣ፤ ላስቲክ ያረጃል። ሙቀት ያደርቀዋል፥ ዘይት ያላላዋል፥ ዘመን ይሰነጥቀዋል። የቮልቮ ፔንታ አኳማቲክ በ1959፥ መርክሩዘር ደግሞ በ1961 ለገበያ ሲቀርቡ፥ ለአውቶሞቢል የተሠራ ሞተር ከነልማዱ ወደ ጀልባ ገባ። አውቶሞቢል ፍጥነቱን በየጊዜው ይለዋውጣል፤ ጀልባ ግን ከባድ ጭነት ተሸክሞ በአንድ ፍጥነት ለሰዓታት ይሄዳል። ፍራም አደገኛ ነው ያለው ሁኔታ ይህ ነው። በላዩም የጨው ውሃ እርጥበት፥ የተዘጋ የሞተር ክፍልና ክረምቱን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ መቆም ይጨመርበታል።

አሁን ወደሚወላገደው ፑሌጃ እንመለስ። አንዳንድ አጫጭር ክራንክ ያላቸው ሞተሮች ይህ ቀለበት ጭራሽ የላቸውም፤ እዚያ ላይ ፑሌጃው ተራ የብረት ሳሕን ነውና መጣመሙን ወይም የቡሎኑን መላላት መመርመር ይበቃል። ቀለበት ካለው ግን ጥያቄው የሚወላገደው የትኛው ክፍል ነው የሚለው ይሆናል። ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጊያው ከወጣ በኋላ ክራንኩን በእጅ ቀስ አድርጎ እያዞሩ፥ ባለመርፌውን መለኪያ በመጀመሪያ በእምብርቱ ላይ፥ ቀጥሎ በውጭው ቀለበት ላይ ማሳረፍ ነው። እምብርቱ ቀጥ ብሎ ዞሮ ቀለበቱ ከተወላገደ ጥፋቱ የላስቲኩ ነው። ሁለቱም ቀጥ ብለው ዞረው በላያቸው የታሰረው ፑሌጃ ብቻ ከተወላገደ፥ ቡሎኖቹ ላልተው ቀዳዳዎቹን አስፍተዋል ወይም ሳሕኑ ተጣሟል። እምብርቱ ራሱ ከተወላገደ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ በክራንኩ ላይ በትክክል አልተቀመጠም፥ ወይም መቀመጫው ተበልቷል፥ ወይም የክራንኩ ጫፍ ጐብጧል። ክራንኩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከልክ በላይ የሚንሸራተት ከሆነ ደግሞ የውስጡን ኩሽኔታ መጠርጠር ይገባል።

መለኪያ የሌለው ሰው አሮጌ ምልክት አለለት። በብዙ ሞተሮች የማቀጣጠያው ጊዜ ጭረት የተቀረጸው በውጭው ቀለበት ላይ ነው። የመጀመሪያውን ፒስተን ወደ ላይኛው ጫፍ አውጥቶ፥ ጭረቱ በዜሮው ላይ ካልዋለ ቀለበቱ በላስቲኩ ላይ ተንሸራቷል ማለት ነው። በዚያ ጭረት ተመርቶ ሞተሩን የሚያስተካክል መካኒክ በሐሰተኛ ሰዓት እንደሚመራ ሰው ነው፤ ሞተሩ ሲግልና ጉልበት ሲያንሰው ጥፋቱን ከካርቡራተሩ ይፈልጋል።

አንዳንዶች የተንሸራተተውን ቀለበት ከእምብርቱ ጋራ በብየዳ ያጣብቁታል። መወላገዱ በርግጥ ለዓይን ይጠፋል፤ ላንቸስተር እንዲላላ የተጨነቀለት መንኰራኵር ግን ጠብቆ ታሰረ፥ ክራንኩም በ1902 ወደ ነበረበት ተመለሰ። እንዲያው የተተወ እንደ ሆነም ቺንጊያው ይወረወራል፤ በብዙ ጀልባዎች ላይ ሞተሩን በውሃ የሚያቀዘቅዘው ፓምፕ የሚዞረው በዚያው ቺንጊያ ነው። መንገድ ላይ የቆመ አውቶሞቢል ባለበት ይጠብቃል፤ ጀልባ ግን ሞተሩ ከቆመ ነፋሱና ሞገዱ ወደ ወሰዱት ይሄዳል።