ሮሃ፦ ስሙ ከላስታ፣ ጊታሩ ከአዲስ አበባ

የድምፅ ካሴት፤ ሮሃ ባንድ፤ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ.

ሮሃ በወሎ፣ ላስታ የምትገኘው የላሊበላ ጥንታዊ ስም ነው፤ ባንዱ ግን የተወለደው አዲስ አበባ ነው። መሠረቱ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣውን የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ያጀበው አይቤክስ ባንድ ሲሆን፣ ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩምና ቤዝ ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮ ከዚያ የመጡ ናቸው። ሮክና ፈንክ ከአገር ቤት ዜማ ጋር የተዋሐዱበትን የሮሃን ሥራ «የባዕድ ሙዚቃ በላስታ ስም» የሚሉ አሉ። ስለ ስሙ ከሆነ ግማሽ እውነት አላቸው፤ የከተማ ባንድ የተቀደሰ ስፍራን ስም ቢዋስ ጌጥነት አያጣውም። ስለ ዜማው ግን ተሳስተዋል። ክራር አስቀድሞ በአምስት ድምፅ ስለሚቃኝ፣ ደርዳሪው ከቅኝቱ ልውጣ ቢል እንኳ አይመቸውም። ጊታር ላይ ግን አሥራ ሁለቱም ድምፆች ከጣቱ ሥር ናቸው፤ ተጫዋቹ ዜማውን በአምስቱ ብቻ ሲያመላልስ ቅኝቱን የሚጠብቀው መሣሪያው ስላስገደደው ሳይሆን ወድዶ ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ደግሞ ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የወሎ አገሮች ስም ናቸው። እንግዲህ ወሎ ከባንዱ ስም ይልቅ በጊታሩ ክሮች ላይ በረታ።

የተቀረጸበት ዕቃም ተራ አይደለም። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ የከተማውን የሌሊት መድረክ ሲያቀዘቅዝ፣ ካሴት የሸክላን ቦታ ወሰደ። ለመቅዳት ርካሽ፣ ለመሸከም ቀላል ነው፤ ቴፑም በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ መብራት ባልገባበት መንደር ሳይቀር ይደመጥ ነበር።