የኔትወርክ ገለልተኝነትና የማኅበረሰብ ኢንተርኔት በኢትዮጵያ

የኔትወርክ ገለልተኝነት የኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅት በመስመሩ የሚያልፈውን መረጃ ሳያበላልጥ፣ ሆን ብሎ ሳያዘገይና ሳይዘጋ እንዲያስተላልፍ የሚጠይቅ መርሕ ነው። ስያሜውን በ2003 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የሕግ ምሁር ቲም ዉ ነው። የማኅበረሰብ ኢንተርኔት ደግሞ ነዋሪዎች አዋጥተው የሚተክሉትና ራሳቸው የሚያስተዳድሩት ኔትወርክ ነው። ሁለቱ በብዙ አገር ለየብቻ ይነሣሉ። ባለፉት ዓመታት በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የሆነውን ለተከታተለ ግን መነጣጠላቸው ያስቸግራል። (እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

አጀማመር

ኢንተርኔት ኢትዮጵያ መቼ ገባ ለሚል ጥያቄ የተለመደው መልስ ጥር 1989 ነው፤ የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ለሕዝብ አገልግሎት የጀመረበት ወር። መልሱ የሚያስኬደው ኢንተርኔት ማለት ቴሌ የሚሸጠው ነገር ነው ከተባለ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ አዲስ አበባ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ፓዲስ በተባለው የመረጃ ክፍሉ አማካይነት ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር። የሚሠራበት ዘዴ ፊዶኔት ይባላል፦ መልእክቱ ኮምፒዩተር ላይ ተጠራቅሞ ይቆይና በቀጠሮ ሰዓት በተራ የስልክ መስመር ወደ ውጭ ይላካል፤ ከውጭ የመጣውም በዚያው ጥሪ ይወርዳል። ከኮሚሽኑ ሠራተኞች ሌላ ተመራማሪዎችና የእርዳታ ድርጅቶችም ይጠቀሙበት ነበር። ጥቂት ቆይቶ ባይት የሚል ስም የያዘ የባለሙያዎች ስብስብ ተቋቁሞ አገሪቱ ሙሉ የኢንተርኔት ግንኙነት እንድታገኝ ወተወተ። አገልግሎቱ ሲመጣ ግን በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ገባ።

ቀዳሚነቱን ለፊዶኔት የሚሰጡ አሉ፤ እየቆየ የሚደርስ ኢሜይል ኢንተርኔት አይባልም የሚሉም አሉ። በቴክኒክ ረገድ ሁለተኞቹ ሳይሻሉ አይቀሩም። ይሁንና የመጀመሪያው አገልግሎት ከቴሌ ውጭ በተጠቃሚዎች ፍላጎት መጀመሩን የሚክድ የለም፤ ለዚህ መጣጥፍ ቁም ነገሩም እሱ ነው።

ሕግ

ኢትዮ ቴሌኮም በ2003 ከተቋቋመ በኋላ የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ከአገልግሎት ሰጪው መሠረተ ልማት ውጭ ሌላ የዘረጋን ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራትና የገቢውን አሥር እጥፍ መቀጮ ይጠብቀዋል ብሎ ደነገገ። ሰፈርተኛ ተሰብስቦ ምሰሶ ልትከል ቢል የሚያጋጥመው ይህ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሞ ገበያውን ከፈተ። ሳፋሪኮም በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ገዝቶ በ2015 መባቻ ባሕር ዳርን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ሥራ ጀመረ። በሩ የተከፈተው እንዲህ ያለ ገንዘብ ላለው ነው።

የጥቅል ዋጋ

በ2008 ኢትዮ ቴሌኮም እንደ ቫይበርና ፌስቡክ ባሉ መተግበሪያዎች ላይ የተለየ ታሪፍ ሊያወጣ እንዳሰበ በጋዜጦች ተዘግቦ ነበር። ለተወሰኑ መተግበሪያዎች ብቻ የሚሸጥ የዳታ ጥቅልም የተለመደ ነው። የሕንድ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለውን፣ የገለልተኝነትን መርሕ የሚጥስ አበላላጭ ዋጋ በ2016 እ.ኤ.አ. ከልክሏል።

ባሕር ዳር

በነሐሴ 2008 መጀመሪያ፣ በከተማዋ በተቃውሞ ሰልፍ ላይ ብዙ ሰዎች በተገደሉበት ሰሞን፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ሰኔ 15 ቀን 2011 የአማራ ክልል ርእሰ መስተዳድር አምባቸው መኮንን በባሕር ዳር ሲገደሉ ደግሞ በመላ አገሪቱ ጠፋ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ኢንተርኔት ውኃም አየርም እንዳልሆነ፣ አስፈላጊ ሲሆን እንደሚዘጋ በይፋ ተናገሩ።

የ2015 ክረምት ሁለት የመዝጊያ ዓይነቶችን ጎን ለጎን ያሳያል። በየካቲት የተከለከሉት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ እስከ ሐምሌ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር፤ ገለልተኝነትን በቀጥታ የሚጥስ፣ እየመረጡ መዝጋት ነው። በሐምሌ ተለቀቁ። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሊታወጅ ሲል፣ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ከነጭራሹ ጠፋ። ዋና ዋና ከተሞች ዳታ መልሰው ያገኙት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። በባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ሰፈር ላለ ነጋዴ በዳታ የሚሠራው የቴሌብር የሞባይል ገንዘብ መተግበሪያ የዕለት መገበያያ እንጂ የትርፍ ጊዜ ነገር አይደለም። በመደበኛ መስመር የሚመጣ ዋይፋይ በአንዳንድ ቦታ ይሠራ ስለነበር መስመሩ ያለው ሆቴል ወይም መሥሪያ ቤት ለሌለው ሰው መጠጊያ ሆኗል።

የማኅበረሰብ ኔትወርክ

በካታሎኒያ በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ጊፊኔት በሺዎች የሚቆጠሩ ማሠራጫዎችን ያገናኛል። በደቡብ አፍሪካ ማንኮሲ መንደር ዜንዜሌኒ የተባለው የኅብረት ሥራ ማኅበር በፀሐይ ኃይል ስልክ ቻርጅ ከማድረግ ተነሥቶ ኢንተርኔት አቅራቢ ሆኗል። ኬንያ በ2021 እ.ኤ.አ. ለእንዲህ ያሉ ማኅበራት የተለየ የፈቃድ ማዕቀፍ አውጥታለች።

እንዲህ ያለ ኔትወርክ የውጭውን ግንኙነት የሚገዛው ባለፈቃድ ከሆነ ድርጅት ነው፤ ዋናው መስመር ከተዘጋ ፌስቡክ አይከፈትም። የውስጡ ግን ይቀጥላል። ሰርቨሩ ዓባይ ማዶ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ ቢቀመጥ፣ አንቴናዎቹም በጣና ዳር ሜዳ ፊት ለፊት ቢተያዩ፣ የጤና ጣቢያ መዝገብ፣ የተማሪ ትምህርትና የከተማ ውስጥ መልእክት ከባሕር ዳር መውጣት ሳያስፈልገው ይሠራል። ኢትዮጵያ ለማኅበረሰብ ሬዲዮ በ1999 በአዋጅ ቁጥር 533 ፈቃድ እንዲሰጥ ፈቅዳለች፤ ለኢንተርኔት የሚከለክላት ቴክኒካዊ ምክንያት የለም።