ማገገም (በጥናትና ምርምር)

ማገገም ከሕመም፣ ከሱስ፣ ከውድመት ወይም ከምጣኔ ሀብት መቀዛቀዝ በኋላ የሚታይን መሻሻል የሚገልጽ ጽንሰ ሐሳብ ሲሆን፣ መለኪያው እንደ ጥናት ዘርፉ ይለያያል። በአካላዊ ሕክምና የሕመም ምልክት መጥፋትን ወይም የአካል ተግባር መመለስን ያመለክታል። በአእምሮ ጤና ግን ትርጉሙ ሰፍቷል፤ አሜሪካዊው ተመራማሪ ዊልያም አንቶኒ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሕመሙ ያስከተለው ውስንነት ባይወገድም ሰው ተስፋና እርካታ ያለው ሕይወት የሚመራበት ግላዊ ሂደት መሆኑን አስረድቷል። በዚህ አተያይ የሌለ ድምፅ መስማቱ ያልቆመለት ታማሚም ሥራውንና ማኅበራዊ ኑሮውን መልሶ ሲይዝ እያገገመ ነው። በሱስ ረገድ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተው የአልኮል ሱሰኞች የእርስ በርስ መረዳጃ ማኅበር አልኮሆሊክስ አኖኒመስም መጠጥ ማቆምን የዕድሜ ልክ ጉዞ መጀመሪያ አድርጎ ያየዋል። በምጣኔ ሀብት ደግሞ ማገገም ምርት ከዝቅተኛው ደረጃው ተነሥቶ ወደ ቀድሞ መጠኑ የሚመለስበት ጊዜ ነው። በመሆኑም የሁለት ጥናቶች የማገገም አኃዝ፣ መለኪያቸው አንድ መሆኑ ሳይረጋገጥ ሊነጻጸር አይገባም።