የመናገር ዋስትና፦ «ዶክተር፣ ትንሽ ይቆዩ» ማለት የሚቻልበት ክፍል

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበሩት ኤሚ ኤድመንድሰን በሁለት ሆስፒታሎች ያሉ የዋርድ ቡድኖችን ያጠኑ ነበር (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የተነሡበት ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ተግባብቶ የሚሠራ ቡድን መድኃኒት ሲሰጥ ስህተቱ ያንሳል ወይ? መልሱ «አዎ» ይሆናል ብለው ጠብቀው ነበር። ውጤቱ ግን ተገልብጦ መጣ። ጥሩ ኃላፊ አላቸው፣ እርስ በርስ ይከባበራሉ የተባሉት ዋርዶች መዝገባቸው ላይ ብዙ ስህተት ተገኘባቸው። ግራ ሲገባቸው፣ ስለ ውጤቱ ምንም ያልሰማ ረዳት ወደየዋርዱ ገብቶ እንዲታዘብ አደረጉ። በአንዳንዱ ዋርድ ስለ ስህተት በግልጽ ይወራል፤ ኃላፊዋም ታዳምጣለች። በሌላው የተሳሳተ ሰው በሰው ፊት እንደሚወቀስ ስለሚታወቅ ሁሉም አፉን ይዟል። እንግዲህ መዝገቡ የሚቆጥረው የተነገረውን ስህተት ነበር፤ ያልተነገረውን ማን ይቆጥረዋል?

ኤድመንድሰን በ1999 ባሳተሙት ጥናት ይህን ልዩነት የሚፈጥረውን ነገር ሳይኮሎጂካል ሴፍቲ አሉት። ቃሉን በ1965 ኤድጋር ሻይንና ዋረን ቤኒስ ተጠቅመውበት ነበር፤ ለቡድን ሥራ መለኪያ አድርገው ያስፋፉት ግን እሳቸው ናቸው። ፍቺው ባጭሩ ይህ ነው፦ የአንድ ቡድን አባላት «ብጠይቅ፣ አላውቅም ብል፣ ተሳስቻለሁ ብል፣ አለቃዬ ሲሳሳት ብናገር አልዋረድም» ብለው በጋራ ማመናቸው። «በጋራ» የምትለው ቃል ይሰመርባት። አንዲት ደፋር ነርስ ስላለች ብቻ ቡድኑ ይህ አለው አይባልም፤ ዓይን አፋሯም ስትናገር ነው አለው የሚባለው።

በአማርኛ ምን እንበለው? ቃል በቃል ሲመለስ «የሥነ ልቦና ደኅንነት» ይሆናል። ስህተት የለበትም፤ ሰሚውን ግን ወደ ሌላ ሰፈር ይወስደዋል። ሥነ ልቦና ሲባል የአእምሮ ጤና፣ የምክር አገልግሎት፣ የአንድ ሰው የውስጥ ጉዳይ ይታሰባል፤ እዚህ የተያዘው ነገር በሰዎች መካከል ያለ ነው። እኔ «የመናገር ዋስትና» የሚለውን እመርጣለሁ። «የሥራ ዋስትና»ን የማያውቅ የለምና አጠገቡ ሲቀመጥ ለጆሮ አይከብድም። ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው፤ ዋስትና ያለ ዋስ አይቆምም። ዋስ ደግሞ ሰው ነው፤ ስም አለው፣ ነገር ሲመጣ ይጠየቃል። ዋስ የሆነ ሰው «እሱ ትክክል ነው» ብሎ አይምልም፤ «እስኪጣራ ድረስ በእኔ ይሁን» ነው የሚለው። በሆስፒታል ይህን ማለት የሚችለው ሲኒየር ሐኪሙ፣ የዋርዱ ኃላፊ ነርስ፣ ሜትሮኗ፣ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ነው። ትርጉሙ ሕግ ነክ መምሰሉና የፕሬስ ነፃነትን ማስታወሱ አይካድም፤ «የመናገር ዋስትና በሥራ ቡድን» ብሎ አንድ ጊዜ ማስተዋወቅ ይበቃዋል።

ዋስ ሲጠፋ ምን እንደሚደርስ ለማሳየት በሕክምና ትምህርት ቤቶች ደጋግሞ የሚነገረው የእንግሊዛዊቷ የኢሌን ብሮሚሊ ታሪክ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነበረች። በማርች 2005 ለሳይነስ ሕመሟ ቀላል ለሚባል ቀዶ ጥገና ገባች። ማደንዘዣ ከወሰደች በኋላ የአየር መተላለፊያዋ አልከፈት አለ። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ቱቦ ለማስገባት ደጋግመው ሲታገሉ ኦክስጅኗ እያሽቆለቆለ ደቂቃዎቹ አለፉ። እንዲህ ባለ ጊዜ የመጨረሻው መንገድ በአንገት በኩል አየር ማስገቢያ መክፈት ነው። አንዲት ነርስ ለዚሁ የሚሆነውን ዕቃ አምጥታ መዘጋጀቱን ተናገረች፤ ሰሚ አላገኘችም። ሌላዋ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ደውላ አልጋ አስያዘች፤ ነገር ያጋነነች መስሎ ስለተሰማት መልሳ ሰረዘችው። ኢሌን ከ13 ቀን በኋላ አረፈች። ባለቤቷ ማርቲን ብሮሚሊ አውሮፕላን አብራሪ ናቸው፤ ረዳት አብራሪ ካፒቴኑን እንዲያርም በሚሠለጥንበት ሙያ ያደጉ በመሆናቸው የጎደለውን ነገር ለማየት ጊዜ አልፈጀባቸውም። በ2007 የሰው ልጅ ባሕርይ በሕክምና ሥራ ላይ ያለውን ድርሻ የሚመለከት ቡድን አቋቋሙ። ከታሪኩ የሚከነክነኝ፣ በክፍሉ ውስጥ ዕውቀት አለመጥፋቱ ነው። ነርሶቹ ምን መደረግ እንዳለበት ያውቁ ነበር፤ እንዴት ብለው እንደሚናገሩት ነው ያጡት።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብሎ ለተረተ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ኢንተርን ሆኖ ሞርኒንግ በሚባለው የጠዋት ስብሰባ ላይ በሲኒየሮች ፊት የቆመ ሁሉ ጉሮሮ እንዴት እንደሚደርቅ ያውቀዋል። ችግሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ደግሞ ኢንግሪድ ነምባርድና ኤድመንድሰን በ2006 አሳይተዋል። በ23 የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ባደረጉት ጥናት ሐኪሞች ከነርሶች፣ ነርሶችም ከሌሎች ባለሙያዎች የበለጠ ለመናገር ነፃነት ይሰማቸው ነበር። ዋስትናው በማዕረግ ልክ የተሰፈረ ነው ማለት ነው። ነገር ግን ሐኪሙ ሐሳብ የሚጋብዝና የመጣለትን የሚያመሰግን በሆነበት ክፍል ይህ ልዩነት ይጠብባል። መሪ ዋስ ይሆናል የምለው ለዚህ ነው፤ ዋስትና ፖስተር በመለጠፍ አይመጣም።

በተግባር ምን ይመስላል? ጁሊያን ሞራት በ1999 በሚኒያፖሊስ የሕፃናት ሆስፒታል ከፍተኛ ኃላፊ ሆነው ሲገቡ ስለ ደኅንነት ማውራት ጀመሩ። ሠራተኞቹ በበኩላቸው የእኛ ሆስፒታል ደህና ነው የሚል ስሜት ነበራቸው። ኃላፊዋ አልተከራከሩም። ባለፈው ሳምንት ለታካሚዎቻችሁ ሁሉም ነገር የምትመኙትን ያህል ከአደጋ የራቀ ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ይህን ጥያቄ «አዎ» ብሎ መዝጋት ያስቸግራል፤ የሆነ ነገር ትዝ ይላል። ስህተትን ያለ ቅጣት የማሳወቂያ መንገድም ዘረጉ። እንደ እኔ ግምት ከመመሪያው ይልቅ ጥያቄው ነው ሥራውን የሠራው። «ጥያቄ ያለው?» ብሎ ወደ በሩ የሚራመድ አለቃና መልስ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ አለቃ አንድ አይደሉም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው የቀዶ ጥገና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝርም የዚሁ ዘመድ ነው። ብዙ ሰው ምልክት የሚደረግበት ወረቀት ብቻ ይመስለዋል። ከነጥቦቹ አንዱ ግን ቆዳ ከመቀደዱ በፊት በክፍሉ ያለ ሁሉ ስሙንና የሥራ ድርሻውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ያዛል። አንድ ጊዜ ድምፁን ያሰማ ሰው ሁለተኛ ለመናገር ይቀለዋል። በስምንት ከተሞች፣ የታንዛኒያዋ ኢፋካራ አንዷ ሆና፣ በተደረገው ሙከራ የሟቾች ቁጥር ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። በእኛ አገር ነርስ ሁሉ «ሲስተር» ናት፤ ለዓመታት አብሯት ቀዶ ጥገና እየሠራ ስሟን የማያውቅ ሐኪም ቢገኝ አይገርምም። «አንቱታውን ጣሉት» የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። «እርስዎ» እያሉም ማረም ይቻላል፣ «አንተ» እየተባባሉም መፈራራት አለ። ስም ግን መታወቅ አለበት።

በኢትዮጵያ ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ከአገር ውስጥ ባለሙያዎች ጋር በጅማ የጀመረውና ክሊን ከት የሚባለው ፕሮግራም ነው። ዓላማው ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚመጣውን ኢንፌክሽን መቀነስ ሲሆን፣ የእጅና የቆዳ ንጽሕና፣ የዕቃው ስቴሪላይዝ መደረግ፣ አንቲባዮቲክ በሰዓቱ መሰጠቱ፣ የጎዝ ቆጠራ፣ የማረጋገጫ ዝርዝሩ አጠቃቀም የመሳሰሉትን ይከታተላል። በ2021 በታተመው ጥናት በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የኢንፌክሽን ተጋላጭነት በ35 በመቶ ቀንሷል። እስቲ የጎዝ ቆጠራውን ብቻ እንውሰድ። ቀዶ ሐኪሙ ደክሞታል፣ ሌላ ታካሚ በር ላይ ይጠብቃል፣ መስፋት ሊጀምር ነው፤ ቆጣሪዋ ነርስ «አንድ ይጎድላል» ማለት አለባት። ሐኪሙ «በደንብ ቁጠሪ!» ብሎ ከጮኸባት በሚቀጥለው ጊዜ ቁጥሩ በወረቀት ላይ ሁልጊዜ ይሞላል። በሆድ ውስጥ የቀረ ጎዝ መኖሩን ግን ማንም አያውቅም።

ከላይ የሚወርደው ዋስትና ከታች የሚወጣ ቃልም ይፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ለሕክምና ቡድኖች በሚሰጠው ቲምስቴፕስ የተባለ ሥልጠና ሦስት ደረጃ ያለው አነጋገር ይማራሉ፤ በዚያ በነርስነትና በነርስ ረዳትነት የሚሠሩ ወገኖቻችንም ሳይገጥማቸው አይቀርም። በእኛ ወግ እንዲህ ሊባል ይችላል፦ «ዶክተር፣ ሰግቻለሁ።» ካልተሰማ፣ «ዶክተር፣ ይህ ነገር አልተመቸኝም።» አሁንም ካልተሰማ፣ «ዶክተር፣ ይህ ለታካሚው አደጋ ነው፤ ይቁም።» አክብሮቱ ሳይጓደል መልእክቱ ይጠነክራል። ሐኪሙ ሦስተኛውን ሲሰማ እጁን እንደሚያቆም አስቀድሞ የተስማማ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ሥልጠናው ነርሷን ብቻዋን ማጋፈጥ ነው።

አንድ አለመግባባት መታረም አለበት። የመናገር ዋስትና ማለት ማንም አይጠየቅም ማለት አይደለም። ሰክሮ ተረኛ የገባ፣ ያደረገውን ለመሸፈን ካርድ የሰረዘ ሰው ይጠየቃል። ዋስትናው ሲሠራ ተሳስቶ ወዲያው ለተናገረው ነው። ለባለሙያው ያለው ጥቅም እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። የጆንስ ሆፕኪንሱ ሐኪም አልበርት ዉ በ2000 በጻፉት ጽሑፍ ከባድ ስህተት የሠራን ሐኪም «ሁለተኛው ተጎጂ» ብለውት ነበር፤ ታካሚው መጀመሪያ ይጎዳል፣ ሐኪሙ ደግሞ በጸጸትና በብቸኝነት። ቃሉ የታካሚ ቤተሰቦችን አስከፍቷል፤ ቅሬታቸው ይገባኛል። ቢሆንም ሌሊቱን በዲዩቲ አንግቶ የተሳሳተ ወጣት ሐኪም ጠዋት የሚያዋየው ሲኒየር ካጣ፣ ወይ ሙያውን ይጠላል ወይ መደበቅን ይማራል።

ዋሱ ራሱ ከከዳስ? ከ2005 እስከ 2009 በእንግሊዝ በሚድ ስታፎርድሺር የሆስፒታል አስተዳደር ሥር የታካሚዎች እንክብካቤ ክፉኛ በወደቀ ጊዜ የሆነው ይኸው ነው። ሠራተኞች ቢናገሩም ሰሚ አላገኙም፤ የተናገረም ማስፈራሪያ ደርሶበታል። ጉዳዩን የመረመሩት ሮበርት ፍራንሲስ በ2013 ሪፖርታቸውን አወጡ፤ በ2015 ደግሞ በመናገር ጉዳይ ላይ ብቻ ያተኮረ ሌላ ሪፖርት ጨመሩ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ የመንግሥት ሆስፒታሎች ሠራተኛው የቅርብ አለቃውን አልፎ የሚያነጋግረው ተጠሪ እንዲሰይሙ ተደረገ። የቅርቡ ዋስ ባይገኝ የሩቁ እንዲኖር ማለት ነው። የእኛ ሆስፒታሎች ለታካሚ ቅሬታ ሣጥን ሰቅለዋል፤ አለቃዋን ለፈራች ነርስ የሚሆን በር ግን በስንቱ እንደተከፈተ ሜትሮኖቹ ቢጠየቁ ጥሩ ነው።