ነባር የጦር መሣሪያ መሰብሰብ በኢትዮጵያ

ነባር የጦር መሣሪያ መሰብሰብ በቀድሞ ጦርነቶች ያገለገሉ ጠመንጃዎችንና ሽጉጦችን ለታሪካቸው ሲባል ፈልጎ ማግኘት፣ ዓይነታቸውን መለየትና ጠብቆ ማቆየት ነው። በኢትዮጵያ የድሮ መሣሪያ በአብዛኛው የሚገኘው ከአባት ለልጅ በሚተላለፍ ንብረትነት፣ በቤተ መዘክርና በመንግሥት መጋዘን ነው። የሰብሳቢዎቹ ገበያ ግን ያለው በውጭ አገር፣ በተለይ በአሜሪካ ነው።

የመሣሪያዎቹ አመጣጥ

ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር ከተያያዙ ሽጉጦች በጣም የታወቀው ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን የሠዉበት ነው። ሽጉጡ የንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለቆንስል ፕላውደን ላደረጉት ደግነት ምስጋና የሚገልጽ ጽሑፍ ተቀርጾበት ነበር። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ባይኖር ከሌሎች የዘመኑ ሽጉጦች ለመለየት ያስቸግር ነበር።

ጠመንጃዎቹ ከብዙ አገር የመጡ ናቸው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ወደ 2,000 የሚጠጉ፣ በጊዜው እንኳ ያረጁ ጠመንጃዎች አምጥቶ ሸጧል። የመሣሪያዎቹ የአማርኛ ስሞችም የመጡበትን ያሳያሉ። ስናድር ከእንግሊዙ «ስናይደር»፣ ለበን ከፈረንሳዩ «ለበል» የመጡ ናቸው፤ ቤልጅግ የቤልጅግ ሥራ ነው። ውጅግራ ደግሞ «ፉዚ ግራ» የሚለው የፈረንሳይኛ ስም በኢትዮጵያውያን አንደበት የተለወጠ ነው።

ውጅግራ በ1874 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ጦር የተመረጠ፣ 11 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ ያለውና በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። በጥቁር ባሩድ ስለሚሠራ ጢሱ የተኳሹን ቦታ ያሳብቅበታል። በዓድዋ ጦርነት (1888 ዓ.ም.) በኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ ነበር። ጥይት ውድ ስለነበር ቀለሁ እየተለቀመ እንደገና ይሞላ ነበር፤ በአንዳንድ አካባቢዎች ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ለመገበያያነትም ውሏል። ዛሬ አንድ ውጅግራ ያለው ሰው ከጠመንጃው ይልቅ ጥይቱን ለማግኘት ይቸገራል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) አርበኞች 6.5 ሚሊ ሜትር የሆኑ የጣሊያን ካርካኖ ጠመንጃዎችን ከጠላት ማርከው ተዋግተውባቸዋል። የይሁዳ አንበሳ ምልክት የተቀረጸባቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሞዘሮች ደግሞ ሰብሳቢዎች አብልጠው የሚሹአቸው ናቸው።

ወደ ውጭ መውጣት

በ2010ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ገደማ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ በርካታ የድሮ ጠመንጃዎች በአሜሪካ ገበያ ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል። በአሜሪካ ሕግ እስከ 1898 እ.ኤ.አ. የተሠራ መሣሪያ እንደ ቅርስ ስለሚታይ የዓድዋ ዘመን ጠመንጃ መግዛት ከአዲሱ ይቀላል።

ተመሳሳይ ነገር በቻይና ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ የተሠራው የጀርመኑ ማውዘር ሲ96 ሽጉጥ በቻይና የጦር አበጋዞች ዘንድ እጅግ ተወዳጅ ስለነበር፣ ከእንጨት ማኅደሩ የተነሣ «የሳጥን መድፍ» ተብሎ ተጠራ፤ የሻንሺ ጦር መሣሪያ ፋብሪካም አፈሙዙን አስፍቶ በ11.43 ሚሊ ሜትር ቀድቶታል። ዛሬ ቻይና ውስጥ ግለሰብ ሽጉጥ መያዝ የተከለከለ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብዙዎቹ ለአሜሪካ ገበያ ተሽጠዋል።

በሁለቱም ዘንድ ትልቁ ጉዳት የታሪክ ማስረጃ መጥፋት ነው። በሣጥን ታሽጎ በጅምላ የሚሸጥ ጠመንጃ ማን እንደያዘው፣ ከማን እንደተማረከ የሚናገር ወረቀት አብሮት አይሄድም። የቀረው ምልክት የፋብሪካ ቁጥርና ሰደፉ ላይ የተቀረጸ መስቀል ወይም ስም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሰደፉ ተፍቆ «ሲታደስ» ደግሞ ያም ይጠፋል።

ሕግ

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ መያዝ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። አዋጁ መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድ ይጠይቃል።